በቀኝ በኩል ያለው ወይራ

ምንጮ፣ መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና በስም ብቻ ለምናፍቅዎት ለአያ ዋሴ፣ አሽዶድ፤

እንደምን ከርመዋል? እታለም ጌጥነሽስ? ልጆቹስ? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ከጥርሷ በቀር ምንም አላላትም፤ እሱንም "ነቅዬ ልገላገል" ስትል ዓመት አለፋት።

አያ ዋሴ፣ በአካል አያውቁኝም። ባንቻየሁ ነኝ፤ የታላቅ ወንድምዎ የአያ ተገኘ የልጅ ልጅ። በ1983 እናንተ ወደ እስራኤል ለመሄድ አዲስ አበባ ስትወርዱ ታማሚ አማታቸውን ትቼ አልሄድም ብለው የቀሩት እሳቸው ናቸው። በስልክ ሞክሬዎት ነበር፤ "ደህና ናችሁ? ደህና ነን" ከተባባልን በኋላ ተቋረጠ። ለያዝኩት ጉዳይ ደግሞ ደህና ናችሁ ብቻ አይበቃም።

ደስታዬን በምን ልንገርዎ! የደን ትምህርቴን ጨርሼ የተመደብኩት የት መሰለዎት? እዚሁ ምንጮ! ሥራዬ ደግሞ የምህላ ተራራ ነው፤ ያ እናንተ በኅዳር ለስግድ በዓል ጸሎት ትወጡበት የነበረው። ዛሬ ቢያዩት አያውቁትም። ጉቶና ቁጥቋጦ፣ ከዚያ በላይ ፍየል ብቻ ነው። የመንደሩ የደን ማኅበር ጉቶውን ሁሉ ነቅሎ በዚህ ክረምት ባህር ዛፍ ሊተክልበት ወስኗል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ጓዴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከቸኮሉ ቸኮሉ ነው።

እኔ "መጀመሪያ ምን ዛፍ እንደነበረበት እንወቅ" ብዬ ተከራከርኩ። እኛ "እናት ዛፍ" የምንለው አለ፤ በአካባቢው የበቀለ፣ ጤነኛ፣ ዘሩ የሚለቀምለት አሮጌ ዛፍ ማለት ነው። በመላ ቀበሌው አንድም የወይራ እናት ዛፍ አልቀረም። አያቴ ግን ሳይሞቱ በፊት "የቀጥቃጮቹ ወይራ እዚያ ተራራ ላይ ነው፣ ቦታውን ዋሴ ያውቀዋል፣ መጨረሻ የቆረጠው እሱ ነው" ብለውኛል። ጉቶው ከተነቀለ በኋላ ማን ይነግረናል? እባክዎ አያ ዋሴ፣ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ባንቻየሁ


አሽዶድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለባንቻየሁ፣ የተገኘ ዘር፣ ተባርከሽ ኑሪ!

ሰላምታዬ ከዚህ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ እስከ እናትሽ ጥርስ ድረስ ይድረስ። ጌጥነሽ "ጥርሷን በቅርንፉድ ትያዘው" ብላለች። ፋሲካችንን በደህና አሳልፈናል።

ደብዳቤሽን ልጄ ኢንባር ከሳጥኑ አውጥታ "አባ፣ ከኢትዮጵያ!" ስትለኝ መርዶ መስሎኝ ወንበር ያዝኩ። አንብቤ ስጨርስ ግን ብድግ ብዬ በሳሎኑ ውስጥ እንጎራደድ ጀመር። ኢንባር "አባ፣ ማ ኮሬ? ምን ሆንክ?" ትለኛለች። "ጉቶ ሊነቅሉ ነው!" እላታለሁ። ልጅቷ ሐኪም ልትጠራ ምንም አልቀራት።

ስሚኝማ። ጉቶ ይነቀል ያለው ማን ነው? እጁን ይሰብስብ! ያ ጉቶ የሞተ እንጨት አይደለም፤ የኛ የቀጥቃጮች የከሰል ጎተራ ነው። አባቴ፣ እኔና አያትሽ ማረሻ የምንቀጠቅጠው በወይራ ከሰል ነበር። ወይራ ግን ዝም ተብሎ አይቆረጥም። ዝቅ ተብሎ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ አፈር ይለብሳል። ቀንበጡ ጭን እስኪያህል ማንም አይመለስበትም። ጉቶ የረገጠ ልጅ ይገረፍ ነበር፣ እኔም ተገርፌበታለሁ። የሚያቆጠቁጠው ለዚህ ነው። አንቺ በትምህርት ቤት ምን እንደምትዪው አላውቅም፤ እኛ "ተወው፣ ራሱ ያውቃል" ነበር የምንለው።

እዚህም ከመጣሁ ወዲያ እስከ ጡረታ በደን ሥራ ነው የኖርኩ። ጥድ ተክዬ፣ ችግኝ ተሸክሜ፣ የተጨናነቀውን አሳስቼ። ማሳሳቱን ዲሉል ይሉታል። አማርኛውን ስለረሳሁት አትፍረጂብኝ።

ቦታውን ልንገርሽ። በተራራው አናት ላይ ቄሶቹ የሚቆሙበት ሰፊ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ቁሚ። ፊትሽን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጊ። በቀኝሽ ያለውን ተዳፋት ውረጅ። የኛ ወይራ እሱ ነው። ዓይኔን ብጨፍን አየዋለሁ።

ደግሞ ለአቶ ጓዴ እንዲህ በያቸው፦ እዚህ አገር ዘንድሮ ሽሚታ ነው፣ መሬት የሚያርፍበት ዓመት። አይታረስም፣ አይተከልም። ያ ተዳፋትም አንድ ክረምት ከፍየል ቢያርፍ ምን ይጎዳል?

ያቆጠቆጠ ቀን ንገሪኝ።

ያንቺው አያ ዋሴ


ምንጮ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አያ ዋሴ፣ ሰላምታዬ እንደ ክረምቱ ደመና ከበላይዎ አይታጣ!

ቅርንፉዱ ሠርቷል፤ እናቴ እታለም ጌጥነሽን ስትመርቅ ውላለች።

ተሳክቶልናል! ደብዳቤዎን በስብሰባ ላይ ቆሜ አነበብኩት። "እጁን ይሰብስብ" ያሉትን ዘልዬዋለሁ፣ አቶ ጓዴ ከፊት ተቀምጠው ነበር። የመሬት ዕረፍት የምትለዋን ግን አልዘለልኩም። ሽማግሌዎቹ "ይህ የአባቶች ነገር ነው" ብለው አጉረመረሙ፤ በመልካም ማለቴ ነው።

አቶ ጓዴ ግን ተነሡና "ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት አጣና ይሆናል። ወይራ ለልጅ ልጅ ነው" አሉ።

"እኔ ታዲያ ማን ነኝ?" አልኳቸው። "የቆረጠው ሰው የወንድሙ የልጅ ልጅ አይደለሁም?" ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። እርስዎ ያመለከቱት ተዳፋት ለአንድ ክረምት ይከለላል። ክለላ ስንል ሰውም ከብትም እንዳይገባበት ማጠር ነው፤ ምንም አንተክልም፣ የሚሆነውን ቆመን እናያለን። እኛ "ተፈጥሯዊ እድሳት" እንለዋለን፣ የእናንተ "ተወው፣ ራሱ ያውቃል" ይበልጥ ያምራል። እስከ መስቀል ጉቶው ካቆጠቆጠ ተራራው በሙሉ ለአገር በቀል ዛፍ ይተዋል። ካላቆጠቆጠ ግን ጉቶው ይነቀላል፣ ተራራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባህር ዛፍ ይሆናል፣ እኔም ሁለተኛ አልከራከርም። በሰው ሁሉ ፊት ቃሌን ሰጠሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ጉቶውን በቢላዬ ፋቅ ባደርገው ቀላ ያለና የጥድ ሽታ ያለው መሰለኝ። ጥድ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ግን መጥረቢያውን ያነሡት እርስዎ ነዎት፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ሽማግሌ ያሳየውን ቦታ ልጅ አይጠራጠርም። አጥረነዋል!

ባንቻየሁ


አሽዶድ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለባንቺ፤ ዝናቡ ለአንቺ፣ ሙቀቱ ለኛ ሆነ፣ ተመስገን ነው።

አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽኝ? በሰፈራችን በሮቫ ሔት የሽማግሌዎች መዋያ አለችን፤ ካርታ እንጫወታለን፣ ስለ ጉልበታችን እናወራለን። አሁን ጉልበት የሚያነሣ የለም። በገባሁ ቁጥር "ዋሴ፣ ወይራህ በቀለ?" ነው። የጎጃሙ ሰው "ይበቅላል" ይላል፣ የትግራዩ ሰው "ፍየል የነካው አይበቅልም" ይላል። በዚሁ ተጣልተው ሰሞኑን አይነጋገሩም።

ትናንት ለባንክ ጉዳይ ወደ መሐል ከተማው፣ ወደ ሃኪርያ፣ በአውቶቡስ ስሄድ በመንገዱ መካከል የተተከለ ወይራ አየሁ። ከመድረሻዬ በፊት ወረድኩ። ይህኛው ሰፊ ቅጠል ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ የኛው ወይራ የቆላ ዘመድ በይው። ቆሜ ግንዱን ስዳብስ አትክልተኛው መጥቶ "ሰባ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?" አለኝ፤ ሰባ ማለት አያት ነው። "አልጠፋብኝም፣ የት እንዳለ አውቃለሁ" አልኩት።

ባንኩ ተዘጋብኝ። ምን ቸገረኝ!

በይ ንገሪኝ። ቀንበጡ ወጣ? ስንት ጣት ሆነ? ሌላ ወሬ አልፈልግም።

አያ ዋሴ


ምንጮ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አያ ዋሴ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን።

ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ጤፉ ተዘርቷል፣ የድንቹ ቅጠል አምሯል። የአቶ ጓዴን በቅሎ ወንዝ ወስዷት ነበር፣ ከታች ካለው መንደር በደህና ተገኘች። እናቴ ጥርሷን አስነቀለች፤ ተነቅሎም ያመኛል ትላለች። በተከለለው ቦታ ሣሩ እስከ ወገብ ደርሷል፣ እንዲህ ያለ ሣር ታይቶ አይታወቅም ይላሉ። መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ ወደ ከተማ መውጣት አልቻልኩም። ስልኩም እንደ ክረምቱ ነው፣ አንዳንዴ ይበራል።

እርስዎም ጉልበትዎን በሙቅ ውሃ ይያዙት።

ባንቻየሁ


አሽዶድ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሰላምታውን ኋላ እጨምራለሁ፤ አሁን ጊዜ የለኝም!

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። የድንቹን ጻፍሽ፣ የበቅሎዋን ጻፍሽ፣ የሣሩን ጻፍሽ። ስለ ጉቶው አንድ ቃል የለም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ በጀርባውም የለም። ያኔ ገባኝ። ልጅቱን በሰው ፊት አዋረድኳት፣ ወይራውም ሞቷል ብዬ ለጌጥነሽ ሳልነግራት ሰነበትኩ። ወደ መዋያውም መሄድ ተውኩ።

አሁን የሆነውን ስሚ። በሰንበት ማለዳ ለጸሎት ወደ ቤት ክኔሴት ሄድን። እንደ ሁልጊዜው ፊታችንን ወደ ኢየሩሳሌም አድርገን ቆምን። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ዓይኔን አጠፋችው። ስንወጣ ለጌጥነሽ "ይህች ፀሐይ እኮ አላስጸልይ አለችኝ" ብዬ ተማረርኩ።

"በምንጮስ ደህና ነበር" አለችኝ። "እዚያ ስንጸልይ ቀኝ ጉንጫችንን ነበር የምትሞቀን።"

"አዎን፣ ቀኝ ጉንጫችንን" ብዬ ጥቂት ተራመድኩ።

ከዚያ መንገድ መሐል ቀጥ አልኩ። መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል። ጌጥነሽ እጄን ትጎትታለች። "ምን ሆንክ አንተ ሰው?"

"ኢየሩሳሌም ሰሜን ናት!" አልኳት።

ባንቺዬ፣ ከአሽዶድ ሲታይ ኢየሩሳሌም በፀሐይ መውጫ ናት። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ፀሐይን ፊት ለፊት እያየሁ ስጸልይ አንገቴ ለመደ። ከምንጮ ግን ኢየሩሳሌም በሰሜን ናት! እኔ ድንጋዩ ላይ ያቆምኩሽ በምንጮ እግር ነው፣ ያዞርኩሽ ግን በአሽዶድ አንገት! ጌጥነሽ ነገሩ ሲገባት የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። "ኢየሩሳሌምን አዙረህ አስቀመጥካት?" ትለኛለች። እኔ ልስቅ ነው ላለቅስ ነው?

ስለዚህ፦ ድንጋዩ ላይ ቁሚ። ፊትሽን ወደ ሰሜን። ፀሐይ መውጫው በቀኝሽ ይሁን። እሱን ተዳፋት ውረጅ፣ የምሥራቁን! ያጠርሽው የደቡቡን ነው። ያ የጥድ ነበር፣ የቤት ምሰሶ የምንቆርጥበት። ሽታው አልዋሸሽም፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አፍንጫሽ የነገረሽን ለሽማግሌ ብለሽ አትተዪ!

ደጋግሜ ደወልኩ፣ "ማግኘት አይቻልም" ይለኛል። ስለዚህ ይህን ለጎረቤታችን ለማላኪ ሰጠሁት፤ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ጎንደር ይበርራል። እጅ በእጅ እንዲያደርስልሽ አስምዬዋለሁ። ሩጪ!

ዋሴ


ምንጮ፣ መስከረም 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ዋሴና ለእታለም ጌጥነሽ፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ፣ ዘመኑ የምሥራች ይሁንላችሁ!

ማላኪ በጭቃ እስከ ጉልበቱ ተለውሶ ሲመጣ እኔ የሽንፈት ቃሌን ለማኅበሩ እያዘጋጀሁ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ በሐምሌ ያልጻፍኩልዎ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። በየማለዳው እየወጣሁ እያንዳንዱን ጉቶ እየዞርኩ አያለሁ፣ ምንም የለም። እርስዎ ደግሞ "ስንት ጣት ሆነ" ብለው ጽፈውልኛል። ምን ልበል? የድንች ወሬ ጻፍኩ።

ደብዳቤዎን ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ወረቀቱን እናቴ እጅ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ዝናብ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ድንጋዩ ላይ ወጣሁ፣ ፊቴን ወደ ሰሜን አደረግኩ፣ በቀኜ ወረድኩ።

አያ ዋሴ፣ ያንን ተዳፋት ከተመደብኩ ጀምሮ ስረግጠው ነበር! ጉልበት የማይደርስ፣ እሾህ የመሰለ፣ ክብ ክብ ቁጥቋጦ ሞልቶታል። በእቅዴ ላይ "ቁጥቋጦ፣ ጥቅም የሌለው" ብዬ ያለፍኩት ራሴ ነኝ። አሁን ግን ተንበርክኬ ከፈት አደረግኩት። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ወርቅማ። ወይራ! አፈሩን በእጄ ጫርኩት። ከሥር ጉቶ አለ፤ ዝቅ ብሎ፣ ሰያፍ ተደርጎ የተቆረጠ። የእርስዎ መጥረቢያ! ዝናቡ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተቆረጠበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ሲያቆጠቁጥ ኖሯል። ፍየሎቹ ደግሞ በየዓመቱ ቀንበጡን ሲቀጥፉት ኖረዋል። አላደገም፣ አልሞተምም። ከዳር ባለው ሰፊ ቁጥቋጦ መሐል ግን የፍየል አፍ ያልደረሰበት ቀጥ ያለ ግንድ እስከ ደረቴ ቆሟል፤ ዙሪያውን በራሱ ቅርንጫፍ አጥሮ ኖሯል።

መስቀል እንዳለፈ ስብሰባው ተጠራ። "አዳራሽ አልገባም፣ ተራራው ላይ ይሁን" አልኩ። መጀመሪያ ስህተቱን ተናገርኩ፣ የተሳሳተውን ጎን እንዳጠርን። አቶ ጓዴ "ኢየሩሳሌም ተነሥታ ሄዳለች እንዴ?" አሉ። "አይ፣ አያ ዋሴ ናቸው የሄዱት" አልኩ። ከዚያ ጉቶውን ከፍቼ አሳየኋቸው። አቶ ጓዴ ዝቅ ብለው ሰያፉን ቁርጥ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ይህ ዛፍ ከፍየሎቼ ጋር ዕድሜ ልኩን ሲጣላ ኖሮ ካልሞተ፣ እኔም አልጣላውም" አሉ።

ጸደቀ! የምሥራቁ ተዳፋት ተከለለ፤ ለአንድ ክረምት ሳይሆን እስኪያፈራ። እነዚያ ጉቶዎች የቀበሌያችን እናት ዛፎች ይሆናሉ። ባህር ዛፉ ከታች በመንገዱ ዳር ብቻ ይተከላል። ደቡቡም ቢሆን አልከሰረም፤ ሣሩን ሁሉም በየተራ አጭዶ ለከብቱ ወሰደ፣ አሁን ጎረቤት ቀበሌዎች እኛም እንከልል እያሉ ነው። ስህተትዎ እንኳን ከብት አጠገበ!

ካገኘሁት ቀን ጀምሮ ፍየሉን ራሴ ስከላከል ሰነበትኩ፤ ቀንበጡ በዓይን እያዩት ነው የሚያድገው። በያንዳንዱ ጉቶ ላይ ብዙ ወጥቷል፣ ማሳሳት አለብን፤ የእርስዎን ዲሉል። ቀጥቃጮቹ በአንድ ጉቶ ስንት ቀንበጥ ይተዉ ነበር? እሱን ይጻፉልኝ።

አንድ ሌላ ነገር እለምንዎታለሁ። ለስግድ እዚህ የቀረነው ጥቂት ዘመዶች፣ እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ድንጋዩ እንወጣለን፣ ልክ ቀትር ላይ። ፊቴን ወደ ኢየሩሳሌም አድርጌ እቆማለሁ። እርስዎስ የት ይቆማሉ?

ጉልበትዎን ስማ የማትጠግብ፣
ባንቻየሁ


አሽዶድ፣ ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለባንቻየሁ፤ እጅሽ ይለምልም፣ የነካሽው ሁሉ ያቆጥቁጥ!

ደብዳቤሽን በመዋያው ቆሜ አነበብኩላቸው። የጎጃሙና የትግራዩ ሰው ታረቁ። የትግራዩ ሰው "ፍየል የነካው አያድግም ነው ያልኩት እንጂ አይበቅልም አላልኩም" ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ፤ ማንም አልሰማው።

ከአንድ ጉቶ ሦስት እንተው ነበር፤ አንዱ ለከሰል፣ አንዱ ለመጥረቢያ እጀታ፣ አንዱ ለዘር። አሁን የሚቀጠቅጥ የለም፣ ሁሉንም ለዘር ተዪው።

ትናንት ስግድ ነበር። ከሮቫ ሔት አውቶቡሶቹ በማለዳ ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ሁልጊዜ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ትናንት ግን ቀረሁ። ኢንባር መጥታ "አባ፣ ጉልበትህ ከሆነ በመኪና እወስድሃለሁ" አለችኝ። "ጉልበቴ ደህና ነው፣ ቀጠሮ አለኝ" አልኳት። ከማን ጋር ብትለኝ ነጭ ልብሴን አነሣሁ።

ከቀትር በፊት ከጌጥነሽ ጋር ወደ ባሕሩ ወረድን። ነጭ ለብሰናል። በአሸዋው ላይ የሚሮጡት ወጣቶች ሙሽሮች ነው የመሰልናቸው። መጀመሪያ ባሕሩን ከጀርባችን አድርገን ወደ ኢየሩሳሌም ቆምን፣ ጸሎታችንን አደረስን። እንደ ጨረስን ጌጥነሽ "በል እንግዲህ፣ ባንቻየሁ የት ነች?" አለችኝ።

እኔም ወደ ቀኜ ዞርኩ። ያንን በስህተት የሰጠሁሽን ቀኝ ታስታውሺዋለሽ? ደቡብ ነው፤ ለካስ አንቺ ያለሽበት ነው። ጌጥነሽም አብራኝ ዞረች። አንቺ ድንጋዩ ላይ ፊትሽን ወደኛ አድርገሻል፣ እኛ አሸዋው ላይ ፊታችንን ወደ አንቺ አድርገናል። ከተወለድሽ ጀምሮ አይቼሽ አላውቅም፣ ትናንት ግን ፊት ለፊት ቆመን ነበር። ጌጥነሽ እጇን አነሣች፣ እኔም አነሣሁ፣ ከሩቅ የሚያየን ቢኖር አብደዋል ይል ነበር። እኔ ደስ ብሎኛል፣ እንዲሁ ደስ ብሎኛል።

በእኔ ቀኝ ባሕሩ ነበር። በአንቺ ቀኝ ወይራው።

አያትሽ ዋሴ